ዳሽቦርድን አረንጓዴ ለማድረግ የወጣ አዋጅ

(ቁጥሩ ሲስተም ሲመጣ ይገለጻል)

የባንኩ ሠራተኛ ምን እንደተማረ ማወቅ አስቸጋሪ፣ ሥልጠናውን መጨረሱን ማወቅ ግን ቀላል ሆኖ በመገኘቱ፤

በየዓመቱ ሰኔ 30 በተቃረበ ቁጥር ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው ቀይ ቀለም የበላይ አመራሩን ዓይን እየጎዳ በመምጣቱ፤

የሥልጠና መምሪያው የሚከተለውን አውጇል።

አንቀጽ 1፦ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «ሠልጣኝ» ማለት ስሙ በሰው ኃይል መዝገብ ላይ ያለ ማንኛውም ሰው ሲሆን፣ ሥራ የለቀቀውንና ጡረታ የወጣውን ይጨምራል። «መማር» ማለት «ቀጥል» የሚለውን ቁልፍ መጫን ነው።

አንቀጽ 2፦ ስለ ምደባ

ሥልጠና የሚመደበው ለሰው ሳይሆን ለሥራ መደብ ኮድ ነው። ስለዚህ ሾፌሩና የዲስትሪክቱ ሥራ አስኪያጅ በስህተት አንድ ኮድ ከተሰጣቸው፣ ሾፌሩ የብድር ስጋት ትንተና ይወስዳል። ቅሬታ ያለው ለሰው ኃይል ያመለክታል፤ ሰው ኃይል ለአይቲ ይመራዋል፤ አይቲ «ዳታው የመጣው ከእናንተ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ደብዳቤው ዙሩን እስኪጨርስ ድረስ የማስታወሻ ኢሜይሉ በየማለዳው ይላካል፤ ግልባጭ ለቅርብ አለቃ።

አንቀጽ 3፦ ስለ ግዴታ ሥልጠና

በወንጀል ድርጊት የተገኘ ገንዘብ ወይም ንብረት ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብንና ሽብርተኝነትን በገንዘብ መርዳትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር በወጣው አዋጅ ላይ የሚሰጠው ሥልጠና በየዓመቱ ይደገማል። የአዋጁን ስም ሳይተነፍስ የጨረሰ ግማሹን እንደሠለጠነ ይቆጠራል።

ቴለሯ ሥልጠናውን የምትወስደው መስኮት ላይ ሆና፣ ድምፁን አጥፍታ፣ በአንድ ደንበኛና በሌላው መካከል ነው። «ደንበኛው በማዳበሪያ ብር አምጥቶ ምንጩን መናገር ባይፈልግ ምን ታደርጊያለሽ?» የሚለው ጥያቄ ስክሪኑ ላይ ሳለ አንድ ደንበኛ ማዳበሪያ ይዞ ቢቆም፣ በቅድሚያ «አጠራጣሪ ግብይት መሆኑን አሳውቃለሁ» የሚለውን ትመርጣለች። ሙሉ ነጥብ ካገኘች በኋላ ብሩን ቆጥራ፣ ማህተም መትታ፣ ደረሰኝ ትሰጠዋለች። (ሕጉ የፈለገው ቴለሯ እንድትጠረጥር ነበር፤ ሲስተሙ ግን መጠርጠር የሚመዘገብበት ቦታ የለውም።)

አንቀጽ 4፦ ስለ መብራትና ስለ ትርፍ ሰዓት

በስኮርም 1.2 የኦንላይን ሥልጠና ደረጃ መሠረት ሲስተሙ ሠልጣኙ የት እንዳቆመ የሚይዝበት ማስታወሻ ከ4,096 ፊደላት አይበልጥም። የተረፈውን የማስታወስ ግዴታ የሠልጣኙ ነው። መብራት ሄዶ ከገጽ 1 የጀመረ ሰው ሁለቴ እንደተማረ አይቆጠርለትም።

ማታ ቤቱ ሆኖ በራሱ ዳታ የሚሠለጥን ሠራተኛ ለዕውቀት ያለውን ጉጉት እንደገለጸ ይቆጠራል፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተደነገገው የትርፍ ሰዓት ክፍያም በጉጉት ላይ ተፈጻሚ አይሆንም።

አንቀጽ 5፦ ቅጣት

ቀይ የሆነ ቅርንጫፍ ጉርሻ አያገኝም። ስለዚህ ሰኔ 29 ማታ አንድ ጎበዝ ልጅ ተቀምጦ የሁሉንም ፓስወርድ ተቀብሎ፣ በዚህ ባንክ «የይለፍ ቃልህን ለማንም አትስጥ» የሚለውን ሥልጠና ጨምሮ ሁሉንም እንዲያጠናቅቅ ተፈቅዷል።

አንቀጽ 6፦ ልዩ ሁኔታ

የበላይ ኃላፊዎች በጸሐፊዎቻቸው አማካይነት ይሠለጥናሉ። በዚህ አሠራር የተነሳ የአመራር ክህሎት፣ የሥነ ምግባርና የስትራቴጂ ሥልጠናዎችን በትክክል የወሰደችው ጸሐፊዋ ብቻ ሆና ብትገኝ፣ ይኸው ለሹመት መጠየቂያ አይሆናትም።