ለአንድ ቀን ጤነኛ መኪና

የተሽከርካሪ ዓመታዊ ምርመራ፣ ማለትም በእስራኤል የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን «ቴስት» የሚሉት፣ የአዲስ አበባ ባለመኪናም በፊት መስተዋት ላይ በሚለጠፈው ምልክት ስም «ቦሎ» ብሎ የሚጠራው ሥርዓት፣ ላይ ላዩን ለሚያየው መኪና ዓመቱን ሙሉ ለመንገድ ብቁ ሆኖ እንዲኖር የተደነገገ ይመስላል። ባለንብረቱ ግን ከእርሱ የሚጠበቀው መኪናው በአንዲት የተወሰነች ቀን ለግማሽ ሰዓት ያህል ጤነኛ መስሎ እንዲታይ ብቻ መሆኑን ከሕግ አውጪው ቀድሞ የተረዳ ሲሆን፣ በዚሁ መረዳት ላይ የቆመው የዝግጅት ጥበብ እስከ ዛሬ ተገቢውን ምስጋና ሳያገኝ መቅረቱ ያሳዝናል።

ጥበቡ ሥራ ላይ የሚውለው የመኪናው ፈቃድ ሊያበቃ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው፤ «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለው ብሂልም እዚህ ላይ ከተግሣጽነት ወደ መመሪያነት ከፍ ይላል። ዐሥራ አንድ ወር ሲጮኽ የከረመው የፍሬን ሸራ አሁን ይቀየራል፤ ጥርሱ ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች ያለቀው ጎማ ወርዶ ከወንድም መኪና የተፈታ ጎማ በውሰት ይገባና ማታውኑ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ በዳሽቦርዱ ላይ በርቶ የከረመው ቢጫ የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ደግሞ የታመመው ሞተር ሳይነካ በኮምፒውተር እንዲጠፋ ይደረጋል። በአዲስ አበባ የእሳት ማጥፊያ ሳይቀር ለዚያችው ቀን እየተከራየ እንደሚቀርብ ይነገራል፤ እሳትም የኪራይ ውሉን አክብሮ ከምርመራው ቀን በቀር እንደማይነሣ ይታመናል።

በምርመራው ጣቢያ መኪናው በሚሽከረከሩ ሲሊንደሮች ላይ ቆሞ የፍሬኑ ጉልበት ሲለካ፣ መርማሪው ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ የመሪውን መገጣጠሚያዎች ሲነቀንቅ፣ በጭስ ማውጫው የገባው መሣሪያም የጭሱን ብክለት ሲመዝን፣ ባለንብረቱ «መብራት! ፍሬቻ! ክላክስ!» የሚለውን ትእዛዝ በትሕትና ይፈጽማል፤ ምናልባትም በዓመቱ ውስጥ ፍሬቻ የሚያበራባት ብቸኛዋ ቀን ይህች ናት። ዕድሜው 15 ዓመት ያለፈ መኪና በእስራኤል ሕግ መሠረት የፍሬን ብቃት ማረጋገጫ ከጋራዥ ማቅረብ ስላለበት፣ በእግር ሲረገጥ የማይታመነው ፍሬን በወረቀት ሲመጣ ይታመናል።

ይህን ጥበብ ንቆ መኪናውን እንዳለች ያቀረበ ሰው ዕጣው ምን እንደሚሆን ለማወቅ የሚሻ በእስራኤል የኔታንያ ከተማን ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ ይጎብኝ። ሰውየው ራቭ ካቭ የሚባለውን የጉዞ ካርድ ከመሳቢያ አቧራ አራግፎ አውጥቶ፣ ሰልፉ የትኛው እንደሆነ እንኳ ሳያውቅ በነጠላቸው ተከናንበው የቆሙ እናት አጠገብ ይቆማል። እኚህ እናት መኪናው በምን ምክንያት እንደወደቀች ሰምተው፣ «ታዲያ ልጄ፣ ያለ ፍሬን ነዋ እስከ ዛሬ ልጆችህን ስታመላልስ የነበረው?» ብለው ቢጠይቁት፣ መርማሪው ያላነሣውን ይህን ጥያቄ የሚመልስበት ምንም ዓይነት ወረቀት የለውም።

ጥበቡ በሚገባ ያልተስፋፋበት ኋላ ቀር ሰፈር ቢኖር፣ ከኔታንያ በስተ ደቡብ በሄርጽሊያ አውሮፕላን ማረፊያ እንደሚቆሙት ያሉ የትናንሽ አውሮፕላኖች ዓለም ነው። በአሜሪካ ሕግ ለምሳሌ፣ በግል የተያዘ ሴስና 172 ባለፉት 12 ወራት ውስጥ ዓመታዊ ምርመራ ካልተደረገለት ያለ ልዩ ፈቃድ አይበርም፤ መንገደኛ በክፍያ የሚያጓጉዝ ከሆነም በየ100 የበረራ ሰዓቱ ይመረመራል። ለዚሁ ሥራ ሥልጣን የተሰጠው መካኒክ ክዳኖቹን ፈትቶ፣ የአራቱን ሲሊንደሮች ኮምፕረሽን ለክቶ፣ ስምንቱን ካንዴላዎች አይቶ፣ የመሪ ገመዶቹን ዳስሶ፣ በመንግሥት የታዘዙት የደኅንነት እርማቶች መፈጸማቸውን ከመዝገብ ካመሳከረ በኋላ በገዛ ስሙ ይፈርማል። ባለ አውሮፕላኑ በወጪው ቢያጉረመርምም ጎማ ተውሶ ለመምጣት እምብዛም አይደፍርም፤ ይህም ከባለመኪናው የበለጠ ጨዋ ስለሆነ ሳይሆን፣ ሞተር ሲጠፋ ጥግ ይዞ የሚቆምበት አስፋልት ሰማይ ላይ ስላልተነጠፈ ነው። እርግጥ እዚያም ክዳን ሳይፈታ በእስክሪብቶ ብቻ መርምሮ የሚፈርም አልጠፋምና ሥልጣኔው ቀስ በቀስ መግባቱ አይቀርም።

ነቃፊዎች ፍሬን የሚያስፈልገው ለመርማሪው ሳይሆን ለእግረኛው ነው እያሉ ይከራከራሉ። ለዚህ ሥጋት መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሕፃናት መንገድ ከማቋረጣቸው በፊት የሚመጣውን መኪና አስቁመው ቴስት ያለፈበትን ቀን እንዲጠይቁ ትምህርት ቤቶች ያስተምሯቸው፤ መኪናው ካልቆመም መልሱ ታውቋል ማለት ነው። የጥበቡን ትርፍ በገንዘብ ለማስላት የሚሞክር ሰው ግን ትንሽ መቸገሩ አይቀርም፤ የፍሬን ሸራ በመጀመሪያውም ወር በዐሥራ ሁለተኛውም የሚገዛው በገንዘብ ስለሆነ፣ ብልሁ ባለንብረት ሙሉውን ሒሳብ ከፍሎ ያተረፈው ዐሥራ አንድ ወር ያለ ፍሬን መንዳትን ብቻ ነው።