የፈረንጅ ፋሲካና የዶቨር ሰልፍ

ለንደን ለምንኖር ሐበሾች ከዓርብ እስከ ሰኞ የተያያዘ ዕረፍት የሚሰጠን የፈረንጅ ፋሲካ ነው። ይህች ዕረፍት በመጣች ቁጥር ከመካከላችን አንዱ «ለምን ፓሪስ ደርሰን አንመጣም?» ይላል። አውሮፕላኑ በበዓል ሰሞን አይቀመስም፣ ባቡሩም ያው ነው። ስለዚህ አውቶቡስና መርከብ።

መጀመሪያ ግሩፕ ይከፈታል። «አለሁ» የማይል የለም፤ አውራ ጣትና የጭፈራ ምስል ይዘንባል። ገንዘብ ሲጠየቅ ግን ጸጥ! አንዱ «ደሞዝ ይግባና»፣ ሌላዋ «ሺፍቴን ላረጋግጥ»፣ ሦስተኛው መልእክቱን አንብቦ ዝም። የሁሉንም ትኬት በራሱ ካርድ የቆረጠው ምስኪን እስከ ክረምት ድረስ ዕዳውን ሲለምን ይኖራል፤ በዚያ ላይ «ይህ ልጅ ገንዘብ ይወዳል» ተብሎ ይታማል። ሰዓቱስ? «ሦስት ሰዓት ላይ ቪክቶሪያ እንገናኝ» ሲባል «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ፈረንሳይ ደግሞ ከእንግሊዝ አንድ ሰዓት ትቀድማለችና ስንመለስ ያው ክርክር እንደገና ነው።

ይህ እንኳ ሳቅ አለው። ፓስፖርቱ ግን ሳቅ የለውም። አንድ ሰፈር የምንኖር፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን የምንስም ጓደኛሞች ድንበር ላይ ስንደርስ ሌላ ሌላ ሰው ሆነን እንገኛለን። የእንግሊዝ ፓስፖርት የያዘው ያለ ቪዛ ያልፋል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘችው እዚህ አገር ልጅ ወልዳ ብታሳድግም የመኖሪያ ፈቃዷ ፈረንሳይ ላለችበት የሸንገን ቀጠና አይረዳትም፤ እንግሊዝ ድሮም የሸንገን አባል ሆና አታውቅምና። የስደተኛ የጉዞ ሰነድ የያዘውም ለፈረንሳይ ቪዛ ይጠየቃል። ክፍያው 90 ዩሮ ነው፤ ቀጠሮ መጠበቅና የባንክ ስቴትመንት ማስወጣት ሲጨመርበት ሰው ገና ሳይሄድ ይደክማል። ለሁለት ሌሊት ነው እኮ!

ከዚያ ዶቨር ወደብ። እዚያ ፓስፖርታችንን የሚያየው የፈረንሳይ ፖሊስ ነው፤ ሁለቱ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2003 ለ ቱኬ በተባለችው የፈረንሳይ ከተማ በተፈራረሙት ውል መሠረት እዚሁ እንግሊዝ ወደብ ላይ ይፈትሻል። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች ወዲህ የእንግሊዝ ፓስፖርት ጭምር አንድ በአንድ ማኅተም ሲመታበት ቆየ፤ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ደግሞ የጣት አሻራና ፎቶ መጣ። የራሱ መኪና ያለው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ፓስፖርቱን ያቀብላል። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ግን ይወርዳል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ቦግ ይልና ሾፌሩ «ሁላችሁም፣ ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ!» ይላል። አንዱ ጫማውን ከወንበር ሥር ይፈልጋል፣ አንዷ ፓስፖርቷ ዕቃ መጫኛው ውስጥ መቅረቱ ትዝ ይላታል። ፖሊሱ ቪዛዋን ለማግኘት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ቅጠል በቅጠል ሲገልጥ ከኋላ ያለው ሰልፍ በሙሉ እሷን ያያታል፤ ያጠፋችው ነገር ያለ ይመስል። በ2023 ትምህርት ቤት ለፋሲካ በተዘጋበት ቅዳሜና እሁድ አንዳንድ አውቶቡሶች እዚያው ወደብ ላይ ከ12 ሰዓት በላይ ቆመዋል። ባሕሩ ራሱ አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው።

ስለ ስንቅም ልናገር። ከ2021 ወዲህ ከእንግሊዝ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ክትፎው ከነቅቤው፣ ዶሮው፣ አይቡ፣ ሁሉም አይገባም። የፈረንጅ ፋሲካ ደግሞ ብዙ ጊዜ በእኛ ሁዳዴ ውስጥ ነው የሚውለው። ጿሚው ሽሮ ፍርፍሩን ይዞ በኩራት ያልፋል፤ የብራስልስ ሕግ ለአንዴ እንኳ ከጿሚ ጋር ሆነ! ኩራቱ ግን መርከቡ እስኪነሣ ነው። የፍርፍሩ ሳህን አውቶቡስ ውስጥ ቀርቷል፤ ጉዞ ከተጀመረ በኋላ ወደ መኪናው ወለል መውረድ አይፈቀድም። ካፌው ያለው ዓሣና በርገር፣ ለጿሚ ቺፕስ፣ እሱም ከዓሣው ጋር በአንድ ዘይት የተጠበሰ ሊሆን ይችላል። ስልክ የከፈተ ደግሞ የመርከቡ የሳተላይት ኔትወርክ ሒሳቡን ያራቁትበታል።

የፈረንሳዩ ወደብ ካሌ ሲደረስ ሾፌሩ ይቆጥራል፤ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይጎድላል። የት ነው? ከቀረጥ ነፃ ሱቁ ውስጥ ሽቶ እያሸተተ። እሱን ለማምጣት የሄደውም ደረጃው ተምታቶበት ሌላ ወለል ላይ ይወጣል። ስልሳ ያህል ሰው ቀበቶውን አስሮ ሁለት ሐበሻ ይጠብቃል፣ እኛም አንገታችንን ደፍተን እንደማያውቃቸው ሰው እንሆናለን።

የግንቦቱ ባንክ ሆሊደይ ሲመጣም ግሩፑ ሳይከፈት አይቀርም። እባካችሁ፣ ትኬታችሁን ሳትከፍሉ «አለሁ» አትበሉ።