ገለባን ለናቀ

የፎገራዋ ወረታ ላይ «በሩዝ ገለባ ግድግዳ እናቁም» ያለ ሰው ተረብ አይቀርለትም። እኔ ብያለሁ፤ ለተረበኝም መልሱ ይኸው።

«የመጀመሪያው ንፋስ ቤትህን ጣና ይከተዋል!»
ንፋስ የሚወስደው የተበተነውን ነው። በማሽን ተጨምቆ፣ በገመድ ተጠፍሮ፣ መጋጠሚያው እየተፈራረቀ የተደረደረውን ይሞክረው!

«ጣራውንስ ማን ሊሸከመው?»
ያንተን ጣራ ጭቃው ነው የተሸከመው? ባሕር ዛፉ ነው፤ ምርጊቱ ክፍተት ይደፍናል እንጂ። የእኔው ግድግዳ ያለ ምሰሶ ይሸከማል። ልስኑ ከገለባው ስለሚጠጥር አብዛኛው ክብደት በውስጥና በውጭ ልስን ላይ ያርፋል፤ መሃል ያለው ገለባ ደግሞ ሁለቱን ይዞ እንዳይጎብጡ ያደርጋል።

«እንግዲያው ዛሬውኑ ለስነህ ግባ!»
ችኮላህን ለራስህ! ጣራ ሲጫንበት ገለባው ይረግጋል፣ ቁመቱም ይቀንሳል። ወይ ሳምንታት ትጠብቃለህ፣ ወይ ከመሠረት እስከ ጣራው ማረፊያ በጠፍር ወጥረህ ትጨምቀዋለህ። ከዚያ በፊት ከለሰንክ ልስንህ ይሰነጠቃል።

«የት አገር ቆሞ ታየ?»
አሜሪካ፣ ነብራስካ። ዛፍ ያጡ ሰፋሪዎች ናቸው የጀመሩት። እ.ኤ.አ. በ1928 አርተር በምትባል መንደር በገለባ ያቆሙት ቤተ ክርስቲያን ዛሬም አለ። እነሱ ዛፍ ቢያጡ ገለባ አዩ፤ አንተ ገለባ ላይ ተኝተህ ዛፍ ትፈልጋለህ!

«የፎገራ ላም ግድግዳህን ትግጠዋለች!»
ላሟ ድርሻዋን ቀድማ ትውሰድ፤ እኔ የተረፈውን ነው የምለው። ደግሞም የሩዝ ገለባ ሲሊካ የሚባል ማዕድን ይበዛበታል፤ ለከብት ሆድ ይከብዳል፣ ለመበስበስ ግን ይዘገያል።

«ርብና ጉማራ ወንዞች ሲሞሉስ?»
አሁን ቁም ነገር ተናገርክ! ገለባን የሚጥለው ክብደት ሳይሆን ውሃ ነው። ውስጡ ከ20 በመቶ በላይ እርጥበት ይዞ ከከረመ ይበሰብሳል። የ1998ቱን ክረምት ጎርፍ ላየ ፎገሬ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ ውሃ በሚተኛበት አይሠራም፤ ከፍ ያለ ቦታ፣ ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ የሚያፈስ ጣራ የግድ ነው።

«ወሬህ አለቀ?»
አላለቀም! ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለው እዚሁ ወረታ ነው። ገለባውን የሚያውቀው ተመራማሪና ግድግዳውን የሚያውቀው ግንበኛ ተገናኝተው አንድ ቤት ይሥሩ፤ ጣራ ይጫንበት፣ ክረምት ይለፍበት፣ ስንጥቁም እርጥበቱም ይለካ። አንተም ያን ጊዜ ልኬቱን ይዘህ ና፤ በልኬት ከረታኸኝ እረታለሁ፣ በሳቅ ግን አልረታም!