በሩ አልተሰበረም

እንስሳት የሸንጎ ቤት በሠሩ ጊዜ መጀመሪያ የመከሩት ስለ ሕግ አልነበረም፤ ስለ ጅብ ነበር። «አያ ጅቦ ቢመጣብንስ?» አለች በግ። አህያ ጆሮዋን ጣል አደረገች፤ በዚህ ጉዳይ የምትለው ብዙ ነበራት፣ ግን የቤተሰብ ኀዘን ስለሆነ ዝም አለች። አጥሩ ከፍ ይበል ተባለ። በሩ ከወይራ ተሠራ። ቁልፉ ለውሻ ተሰጠ።

ውሻ የተመረጠው በሙሉ ድምፅ ነው። ከእርሱ የተሻለ ጥርስ ያለው በሰፈሩ አልነበረም። ቀለቡ ከመዋጮ ይወጣ ጀመር፤ በግ ሳትቀር፣ ከየት እንዳመጣችው ማንም ሳይጠይቃት፣ የድርሻዋን አጥንት ታዋጣለች። ማታ ማታ ወደ ጫካው ዞሮ ሲያጉረመርም ሰፈሩ «አንበሳችን!» እያለ ያጨበጭባል። ወደ ጎረቤት ግቢ ዞሮ ሲያጉረመርምም ተጨበጨበለት። አንድ ቀን ወደ ፍየል ዞረ፤ ያን ዕለት ከፍየል በቀር ሁሉም አጨበጨበ። ፍየል ነገረኛ ናት እየተባለች ትታማ ነበርና።

ውሎ አድሮ ውሻ በር ላይ መቆም ብቻ አነሰው፤ በሸንጎው ጠረጴዛ ዙሪያ ወንበር ተሰጠው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በሬ ስብሰባውን እየመራ፣ የውኃ ጉድጓዱ ነገር ክርክር አስነሣ። ውሻ ብድግ አለና በሬን ከነወንበሩ ጣለው። ከጎኑ የነበረውን አማካሪም ደገመ። ውጭ ያሉት ጩኸት ሰምተው «ጅብ ገባ!» እያሉ ወደ ጫካ ሮጡ፤ አያ ጅቦን ከተኛበት ጎትተው ልደታ ፍርድ ቤት አመጡት።

ክስ ያለበት ልደታ አይቀርለትም፤ እንስሳም ይሁን ሰው። በጠዋት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ ባለጉዳይ ወረቀቱን በፌስታል ይዞ ይሰለፋል። ዳኛዋ እመት ኤሊ ናቸው። ቀጠሮ የሚሰጡት በራሳቸው ዕድሜ ለክተው ስለሆነ፣ ሦስት ዓመት ለእርሳቸው ነገ ማለት ነው።

«ክቡር ፍርድ ቤት» አለ አያ ጅቦ፣ «እኔ ጅብ ነኝ፣ የበላሁትን አልክድም። ባለፈው ክረምት የአህያን አጎት በልቻለሁ።» አህያ ተነፋረቀች። «በዚያ ቅዳሜ ግን እንጦጦ ነበርኩ። ደግሞስ እኔ ከገባሁ የበሩ ስባሪ የታለ?»

በሩ ተጠርቶ ቀረበ።

«ማን ሰበረህ?»

«ማንም። የተከፈትኩት በቁልፍ ነው።»

እመት ኤሊ ዝም ብለው ቆዩና ከድንጋይ ልብሳቸው ሥር የቆዩ መዝገቦች አወጡ። የሰዎቹም መዝገብ እርሳቸው ዘንድ ነው። ተረት ውስጥ ዓመተ ምሕረት አይገባም የሚል ካለ፣ ሄዶ ለእርሳቸው ይንገራቸው።

«ታኅሣሥ 7 ቀን 1953 ዓ.ም.» ብለው ጀመሩ። «ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ግቢ። አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ታግተው በነበሩ መኳንንትና ሹማምንት ላይ ተተኮሰ። ራስ አበበ አረጋይ አምስት ዓመት ሙሉ ጣሊያንን በዱር ተዋግተው ተርፈዋል፤ ከዚያ ክፍል ግን አልተረፉም። የመፈንቅለ መንግሥቱ መሪ የንጉሠ ነገሥቱ ክቡር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ነበር። ገዳዮቹ በር አልሰበሩም።»

ገጽ ገለጡ። «ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም.። ታላቁ ቤተ መንግሥት። ያን ሰሞን አዲስ አበባ በየመንገዱ የሚታደነው ኢሕአፓ ነው። የደርጉን ሊቀ መንበር ጄኔራል ተፈሪ በንቲን ግን የገደሏቸው በዚያው ግቢ አብረዋቸው የሚውሉ ጓዶቻቸው ናቸው።»

ሦስተኛው መዝገብ ገና አልደረቀም። «ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ። ባሕር ዳር፣ የአማራ ክልል መስተዳድር። ርዕሰ መስተዳድሩ ዶክተር አምባቸው መኮንንና አማካሪያቸው አቶ እዘዝ ዋሴ ስብሰባ ላይ እንዳሉ ተገደሉ። የክልሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አቶ ምግባሩ ከበደ ቆስለው ሰኞ አረፉ። መንግሥት ጥቃቱን መራ ያለው የክልሉን የጸጥታ ኃላፊ ብርጋዴር ጄኔራል አሳምነው ጽጌን ነው፤ እርሱም በዚያው ሰኞ ተገደለ። በዚያችው ቅዳሜ ማታ አዲስ አበባ ውስጥ ኤታ ማዦር ሹሙ ጄኔራል ሰዓረ መኮንንና እንግዳቸው ጡረተኛው ሜጀር ጄኔራል ገዛኢ አበራ በጄኔራል ሰዓረ መኖሪያ ቤት ተገደሉ። የተከሰሰው የቤቱ ጠባቂ ነው። የእርሱ ጉዳይ የታየው እዚሁ ልደታ ነው።»

ዐቃቤ ሕጉ አውራ ዶሮ ክንፉን አራገፈ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ እነዚህ ነገሮች አንድ አይደሉም። የአንዱ ምክንያት ከሌላው ይለያል፤ ዘመኑም፣ ሰዉም።»

«አንድ ናቸው አላልኩም» አሉ እመት ኤሊ። «ምክንያቱ ይለያያል፣ በሩ ነው የሚመሳሰለው። ውሻ ይቅረብ።»

ውሻ ደረቱን ነፍቶ ቀረበ።

«ለምን ነከስክ?»

«ቤቱን ለማዳን።»

«ከማን?»

«ከበሬ። ቤቱን አሳልፎ ሊሰጠው ነበር።»

«ይህን በስብሰባው ተናግረሃል?»

«ወረፋዬ አልደረሰም ነበር።»

«ስንተኛ ነበርክ?»

«ሦስተኛ።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ለመናገር ሦስተኛ መሆን ያስመረረው ፍጡር ለመንከስ አንደኛ ሆኗል፤ እኔ እንደሚመስለኝ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። ጥርስ ያለው ወረፋ ለመጠበቅ ምን አስቸገረው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በመዋጮ ሲያበሉት ግን ወረፋ አላስጠበቁትም።

እመት ኤሊ አንገታቸውን ወደ ታዳሚው መለሱ። «ሲያጉረመርም ያጨበጨባችሁ እጃችሁን አውጡ።»

አንድም እጅ አልወጣም። በመጨረሻ ፍየል ተነሣች። «እኔ አንድ ቀን ብቻ ነው ያላጨበጨብኩት፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«የትኛውን ቀን?»

«ወደ እኔ የዞረ ዕለት።»

ፍርዱ ከሰዓት በኋላ ተነበበ። ውሻ ዕድሜ ልኩን በሰንሰለት እንዲታሰር። አያ ጅቦ ከዚህ ክስ ነጻ ነው፤ የአህያ አጎት ጉዳይ በሌላ መዝገብ ይታያል። እመት ኤሊ ሁለተኛ ትእዛዝም ጨመሩ፦ ከእንግዲህ ጥርስ ያለው በሸንጎው ወንበር አይኑረው፤ ወንበር ያለው ጥርሱን በር ላይ አስቀምጦ ይግባ፤ ጎረቤቱ ላይ ሲጉረመረም ያጨበጨበም በግብረ አበርነት ይጠየቅ።

እንስሳቱ የመጀመሪያውን በእልልታ ተቀበሉ። በሁለተኛው ላይ ይግባኝ አሉ። ጠበቃቸው እመት ጦጢት ያቀረበችው መከራከሪያ አንድ መስመር ነው፦ ጥርሱን በር ላይ የሚተው ዘበኛ ጅብ አያስፈራም። ይግባኝ ሰሚው ችሎት ጉዳዩን እስኪያይ ድረስ ሁለተኛው ትእዛዝ ታግዷል። የሸንጎ ቤቱ አዲስ ውሻ ቀጥሯል፤ መዋጮውም በእጥፍ ጨምሯል።