አህያውን ፈርተው ዳውላውን

የዓለም መንግሥታት በምንም ነገር አይስማሙም እያሉ የሚያሟቸው ሰዎች ፖስታ ቤት ጎራ ብለው አያውቁም። ስለ ጦርነቱም ስለ አየር ንብረቱም ሲነታረኩ የሚያድሩት እነዚሁ መንግሥታት በአንድ ጉዳይ ልባቸው አንድ ነው፤ አንዲት እናት ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ የላከችው የበርበሬ ጥቅል በዋዛ መታለፍ የለበትም። እሰየው ነው። ጥቅሏ ትመዘናለች፣ ትፈተሻለች፣ ቁጥር ይለጠፍባታል፣ ዋጋዋ በውጭ ምንዛሪ ይሰላል፣ በመጨረሻም የሚከፈልላት ይጠየቃል። ዳር ድንበር እንዲህ ነቅቶ ሲጠበቅ ማን ይከፋዋል? የሚገርመው ግን ይህ ሁሉ ንቃት አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መሆኑ ነው።

የጥንቱ ሲራራ ነጋዴ ነገሩ ይገባው ነበር። ከኬላ ኬላ እየከፈለ፣ አሞሌው መንገድ ላይ እየተሸረፈ ገበያ ይደርስ ነበርና። የዚያ ዘመን የአውሮፓ ደብዳቤም ከእሱ የተሻለ ዕድል አልነበረውም፤ በሚያቋርጠው አገር ሁሉ ሒሳብ ይሰላበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1874 የ22 አገሮች መልእክተኞች በርን ላይ ተሰብስበው አባል አገሮች ለደብዳቤ ልውውጥ እንደ አንድ የፖስታ ግዛት እንዲቆጠሩ ተስማሙና ያንን ኬላ አፈረሱት። አፄ ምኒልክ በ1894 ፖስታን አቋቋሙ፤ ኢትዮጵያም በ1908 ከዚሁ ስምምነት የተወለደው የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ስምምነቱ በዕቃ ላይ የሚጣለውን ቀረጥ አልሻረም፤ መንፈሱ ግን ግልጽ ነበር። ድሃው ለዘመዱ የሚልከው ነገር በየበሩ አይሸረፍ ነው።

ቀረጡም ቢሆን ልክ እንዳለው የሚያውቁ ሕግ አውጪዎች ነበሩ። አሜሪካ በ1938 ባወጣችው ሕግ ዋጋው ከ1 ዶላር፣ ስጦታ ከሆነም ከ5 ዶላር የማይበልጥ ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ፈቀደች። ምክንያቱን ሕጉ ራሱ ይናገራል፤ መንግሥት ከሚያገኘው ገቢ ጋር የማይመጣጠን ወጪና እንግልት እንዳይደርስበት ነው። ጣሪያው ከፍ እያለ ሄዶ በ2016 ከ200 ወደ 800 ዶላር ደረሰ። ኦገስት 29 ቀን 2025፣ በእኛ ነሐሴ 23 ቀን 2017፣ ይህ ነፃነት ለሁሉም አገር ቀረ። ቀረጡን ዕቃው ከመድረሱ በፊት ፈቃድ ያላቸው ወኪሎች ይሰብስቡት ተባለ፤ ዝርዝር መመሪያው የወጣው ሁለት ሳምንት ብቻ ሲቀር ነው። በዚህ የተነሳ 88 የፖስታ ድርጅቶች ወደ አሜሪካ መላክን በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ማቋረጣቸውን ለኅብረቱ አሳወቁ። በዕለቱ ወደ አሜሪካ የሄደው የፖስታ ብዛት ከሳምንት በፊት ከነበረው 81 በመቶ ወረደ። ቀራጩ በሩ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ የሚቀረጠው ቀረ።

ዋጋ ለመተመን ጊዜ ለሌለው አጓጓዥ ደግሞ መላ ተበጀለት። ለስድስት ወር ያህል፣ እንደ ላኪው አገር የታሪፍ መጠን፣ በእያንዳንዱ ጥቅል 80፣ 160 ወይም 200 ዶላር ቁርጥ መክፈል ይቻላል ተባለ። 10 በመቶ የተጣለባት ኢትዮጵያ ዕድለኛ ነበረች፤ 80ው ተርታ ውስጥ ገብታ ነበር። ከ100 ዶላር የማይበልጥ ስጦታ ደግሞ ያለ ቀረጥ ያልፋል። እናት አንጀቷ አልችል ብሏት አንዲት ነጠላ ብትጨምርና ዋጋው 101 ቢደርስ፣ አጓጓዡም በቁርጥ ልክፈል ቢል፣ ለአንዲቱ ዶላር ፍቅር 80 ዶላር ይከተል ነበር። ለፍቅር እንዲህ ያለ ዋጋ የተመነ ሌላ መንግሥት ይኖር ይሆን?

እንግሊዞች በዚህ ረገድ የበለጠ ጨዋዎች ናቸው፤ የሚያስከፍሉት ለማስከፈላቸውም ጭምር ነው። እስከ 39 ፓውንድ የሚያወጣ ስጦታ በነፃ ይገባል። 40 ሲሆን፣ መላኪያውን ሳንቆጥር፣ 20 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ 8 ፓውንድ ይሆናል። ይህን 8 ፓውንድ ለመቀበል የደከመው ፖስታ ቤታቸው ሮያል ሜል ደግሞ ለድካሙ ሌላ 8 ፓውንድ ይጠይቃል። ለመንግሥት የሚከፈለውና ክፍያውን ለመቀበል የሚከፈለው እኩል ሆኑ ማለት ነው። ስዊድኖች በ2018 ይህንንም አሻሻሉት፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ተገዝቶ በሚመጣ ጥቅል ላይ ፖስታ ቤቱ 75 ክሮነር የአገልግሎት ክፍያ መጠየቅ ጀመረ፣ ታክሱ 5 ክሮነር ብቻ በሆነበት የ20 ክሮነር ዕቃ ላይ ሳይቀር። በሬ ለመሸጥ ለገመዱ የበሬውን ዋጋ እጥፍ ድርብ የሚከፍል ገበሬ ቢገኝ ጎረቤቶቹ ጠበል ይወስዱት ነበር።

ከገንዘቡ በፊት ደግሞ ፈተና አለ። ዕቃ ላኪ እያንዳንዱን ነገር በስድስት አኃዝ የቀረጥ መለያ ቁጥር እንዲገልጽ እየተጠየቀ ነው። ነጭ ሽሮ የጥራጥሬ ዱቄት ስለሆነ 110610 ተብሎ ሊያልፍ ይችላል። ምጥን ሽሮ ግን በርበሬና ቅመም ገብቶበታልና ዱቄትነቱ አጠራጣሪ ነው፤ ምናልባት ወደ ተዘጋጀ ምግብ ምዕራፍ ይሻገር ይሆናል። እንግዲህ ዕድሜ ልካቸውን ሽሮ ሲያስፈጩ የኖሩ እማማ የሚያውቁት ስለ ሽሮ እንጂ ስለ ምዕራፉ አይደለም። የትኛውን ቅጽ እንደሚሞሉ ለማወቅም የዕቃቸው ዋጋ ከ300 ኤስዲአር መብለጥ አለመብለጡን ማስላት አለባቸው፤ ኤስዲአር ማለት በማንም ኪስ ገብቶ የማያውቅ፣ የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው። ቋንጣ ለመላክ ያሰቡ ከሆነ ግን ከስሌቱ ይገላገላሉ፤ አውሮፓ ኅብረት ከኢትዮጵያ በፖስታ የሚላክ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ አያስገባም።

መቼም የመንግሥታቱ ጠበቃ ዝም አይልም። ያለ ቀረጥ የሚገባው ዕቃ በዝቶ ነጋዴውን አከሰረ ይላል። እውነት አለው፤ ወደ አሜሪካ በዚህ መንገድ የገባው ጥቅል በ2024 የበጀት ዓመት 1.36 ቢሊዮን ደርሶ ነበር። ግን አብዛኛው ከቻይና የመጣ ነው፤ ለቻይናና ለሆንግ ኮንግ በሩ በሜይ 2 ቀን 2025 አስቀድሞ ተዘግቷል። ያኔ የቻይናው የኢንተርኔት ገበያ ቴሙ ምን አደረገ? በአሜሪካ የሚሸጠውን አገር ውስጥ ባሉ ሻጮች በኩል አደረገው። አህያው ዞሮ በሌላ በር ገባ፤ ኦገስት ላይ ዱላው ያረፈው ነጋዴ ባልሆነች እናት ዳውላ ላይ ነው። ፌንታኒል የሚባለው አደገኛ ዕፅ በፖስታ ይገባልም ይባላል። ይገባል፤ መፈተሹንም የሚቃወም የለም። ሆኖም አሜሪካ ከምትይዘው ፌንታኒል አብዛኛው የሚገኘው በሜክሲኮ ድንበር፣ በሕጋዊ መግቢያ በሮች ነው። ደግሞስ 80 ዶላር የተከፈለበት ጥቅል በምን ይጸዳል? ፍተሻ ሌላ፣ ቀረጥ ሌላ። መንግሥት ግብር የመጣል መብት አለው የሚለውም አያከራክርም፤ የ1938ቱ ሰዎችም መብቱን አልካዱም። ሒሳብ የሚችሉ ስለነበሩ ብቻ ነው የተዉት።

ከሁሉም የሚያስቀው መጨረሻው ነው። ፖስታ ሲወደድና ሲዘጋ ሽሮው መሄዱን አልተወም፤ መንገዱን ለወጠ እንጂ። ከ1894 በፊት ደብዳቤ በመንገደኛ እንደሚላከው፣ ዛሬም «የሚሄድ ሰው አለ?» እየተባለ ይጠየቃል፤ ከተገኘም ከሚፈቀዱለት ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣዎች ግማሹ የእሱ አይሆንም። በፖስታ ቢሄድ የላኪው ስም፣ የተቀባዩ አድራሻ፣ ክብደቱና መለያ ቁጥሩ ተመዝግቦ ይደርስ የነበረው ዕቃ አሁን ማን እንደቋጠረው በማይታወቅ ፌስታል ውስጥ ሆኖ ባሕር ይሻገራል። የአየር ማረፊያው ሠራተኛ «ሻንጣህን ያዘጋጀኸው ራስህ ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። የአራት ቤት አደራ የተሸከመው መንገደኛም ቀና ብሎ «አዎን» ይላል። ዳር ድንበሩም ተጠበቀ።