«አፈር ይውጠዋል» ላሉኝ

እሁድ ጠዋት ግቢው ውስጥ መኪናውን በክሪክ አንስቶ ዘይት የሚቀይር ሰው መልስ አያጣም። እኔም አላጣም።

«የተቃጠለውን ዘይት የት ደፋኸው?» ስለው «ቦይ ውስጥ» አለኝ። ቦዩ ወዴት ይሄዳል? «ወደ ወንዝ።» ወንዙስ? ዝም አለ። እንግዲያው እኔ ልንገርህ ወንድሜ፦ የአዲስ አበባ ቦይ መድረሻው ትንሹ ወይም ትልቁ አቃቂ ነው። ሁለቱም አባ ሳሙኤል ግድብ እስኪገቡ ድረስ በየዳርቻቸው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ያጠጣሉ። ዛሬ በቦይ የሸኘኸው፣ ነገ በሳህን ይመጣልሃል።

«ቦይ ካልሆነ አፈር ላይ እደፋዋለሁ፤ አፈር ይውጠዋል» አለኝ ሌላው። ይውጠዋል እንጂ መቼ ይፈጨዋል? ከአፈሩ ሥር ውሃ አለ፤ ይህች ከተማ ከአቃቂ ጉድጓዶች የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከአንድ መኪና አንዴ የሚወጣ ዘይት 1 ሚሊዮን ጋሎን፣ ማለትም 3.8 ሚሊዮን ሊትር ያህል ንጹህ ውሃ ሊበክል ይችላል ይላል። የ50 ሰው የዓመት ውሃ ማለት ነው።

«ለምስጥ ግን መድኃኒት ነው» አሉኝ እትዬ፣ የአጥሩን እንጨት እየቀቡ። ምስጡስ ይሸሻል እትዬ፤ የልጅ ልጅዎ ግን አይሸሽም፣ አጥሩን ተደግፎ ይጫወታል። ከሞተር የተፋቀ ብረት፣ ጥላሸት፣ ካንሰር የሚያመጡ ውህዶች ያሉበት ነገር ነው እጁ ላይ የሚቀረው፤ በዚያው እጁ ደግሞ ዳቦ ይበላል።

ከሁሉ የጠናብኝ ባለሙያ ነኝ ባዩ ነው። «እኔ አልደፋም፤ አዘቅጬ፣ በጨርቅ አጥልዬ መልሼ ሞተሩ ውስጥ እጨምረዋለሁ» አለ። ጨርቅህ የሚይዘው ዓይንህ የሚያየውን ቆሻሻ ነው፤ ጥላሸቱ ከክሩ ቀዳዳ የደቀቀ ነው። የሟሟው ቤንዚንና አሲዱም ከዘይቱ ጋር ያልፋሉ። ሞተሩን ከዝገትና ከመፋቅ የሚጠብቀው ቅመም ደግሞ ሲሠራ ከርሞ ደክሟል፤ እሱን ጨርቅ አይመልሰውም። ዘይት በእርግጥ ያድፋል እንጂ አይሞትም፤ የሚያጥበው ግን ፋብሪካ ነው። ውሃውንና ቤንዚኑን ያተናል፣ አየር በተመጠጠበት ጋን ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት ያነጥረዋል፣ በሃይድሮጅን ያጠራዋል፣ አዲስ ቅመም ይጨምርበታል። በደንብ ከተሠራ ከአዲሱ አያንስም። ለዚህም ነው የማይደፋው፦ ከአንድ በርሜል፣ ማለትም ከ159 ሊትር ድፍድፍ ነዳጅ የሚገኘውን 2.4 ሊትር ያህል የሞተር ዘይት ከ3.8 ሊትር አሮጌ ዘይት ማውጣት ይቻላል።

«ታዲያ እቤቴ ምን ልሥራ?» አለኝ። ይህን ጥያቄ ነበር የምጠብቀው! ሞተሩ ለብ ሲል ዘይቱን አውጣ፤ የጋለ እንዳይሆን፣ ያቃጥልሃል። ክዳን ባለው ንጹህና ደረቅ ጀሪካን ገልብጥ፤ ነገ ልጅ ውሃ የሚቀዳበት ጀሪካን አይሁን። ፊልትሮውንም ቶሎ አትጣል፤ ውስጡ ዘይት አለ፣ አንድ ሌሊት ደፍተህ አንጠፍጥፈው።

«የፍሬን ዘይቱንና የራዲያተሩንም ውሃ አብሬ ጨመርኩበት» አለ። አበላሸኸው! ንጹሁን የተቃጠለ ዘይት ሁሉም ይፈልገዋል፤ የተደበላለቀውን ማን ያጥበዋል? ለየብቻ አድርገው።

«ማን ይቀበለኛል?» ዘይት የሚቀይር ጋራዥ በርሜል አለው፤ ለበርሜሉም ገዢ ይመጣል። ወደ ማጣሪያ ወይም ወደ ፋብሪካ ምድጃ የሚወስድ መሆኑን ጠይቀህ ስጠው፤ ለአጥር ቀለም ነው ካለህ ወደሚቀጥለው ሂድ።

«ለ4 ሊትር ብዬ ጋራዥ ድረስ ልሂድ?» አለኝ በመጨረሻ።

አዲሱን 4 ሊትር ልትገዛ ሄደህ የለም እንዴ? ስትሄድ ባዶ እጅህን አትሂድ።