የናይዶርፍ ሰሞን

ቼዝ ሊገባህ ሲጀምር አንድ አመል ይይዝሃል፤ እንደ ታላላቆቹ መክፈት ያምርሃል። እኔን ያማረኝ የሲሲሊያን መከላከያ ነበር፤ ያውም ናይዶርፍ የሚባለው ቅርንጫፉ። ስሙን የሰጠው ሚጌል ናይዶርፍ ፖላንድ ተወልዶ፣ በ1939 እ.ኤ.አ. ለቼዝ ኦሊምፒያድ ቦነስ አይረስ እንደሄደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለተነሳ እዚያው የቀረ ሰው ነው። ከታላላቆቹ ፊሸርም ካስፓሮቭም የተማመኑበት አከፋፈት ነው። ክረምቱን ሙሉ ከዝናቡ ተጠልዬ አጠናሁት። አንዱ መስመር አሥር ይወልዳል፤ አሥሩን ስትይዝ የመጀመሪያው ይጠፋሃል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜም ተራዎቹን በልቤ እደግም ነበር።

መስቀል እንዳለፈ ሰፈራችን ካለው ሻይ ቤት ከአንድ ጡረተኛ መምህር ፊት ተቀመጥኩ። ነጩን የያዙት እሳቸው ናቸው። የንጉሣቸውን ወታደር ወደ ኢ4 ገፉ፤ እኔም ሲ5 ብዬ መለስኩ። አሁን ፈረሳቸውን ያወጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ አንድ ወታደር ቀስ አድርገው ወደ ሲ3 አስጠጉ። የክረምቱ ጥናት እዚያች ቤት ላይ አበቃ፤ ጨዋታውንም አሸነፉ።

«ጋሼ፣ ይቺ አከፋፈት ማን ትባላለች?»

«ስሟን ተወው ልጄ፤ ለምን እንደገፋሁት ጠይቀኝ» አሉና ጠጠሮቹን እንደገና ደረደሩ።

ሲ3 የሚገፋው ቀጥሎ ዲ4 ለማለት ነው። ጥቁሩ ዲ4 ላይ ቢበላ ነጩ በወታደር መልሶ ይበላና መሀል ሜዳው ላይ ሁለት ወታደር ጎን ለጎን ያቆማል። ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ፈረሱ መውጣት የሚወደው ሲ3 ላይ ነበር፣ አሁን ተይዟል። ስለዚህ ጥቁሩ ወዲያው ዲ5 ብሎ ይጋፈጥ፤ ቢበሉትም በንግሥቱ መልሶ ይብላ። ሲ3 ላይ ወጥቶ የሚያባርራት ፈረስ የለም። ይህ የአላፒን መስመር እንደሚባል ያወቅሁት ኋላ ነው፤ ምክንያቱን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ጋሼ ወሬያቸውን ወደ አገራችን የጥንት ቼዝ፣ ወደ ሰንጠረዥ ወሰዱት። አባቶቻችን ሲጫወቱት መክፈቻው ወረራ ይባል ነበር። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁለቱም እኩል ያሰልፋሉ። ታሪኩን የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስትም ጽፈውታል። በወረራ ጊዜ የሸመደዱት ቅደም ተከተል አያዋጣም፤ የባላጋራህን አሰላለፍ እያየህ የራስህን ታበጃለህ። የአከፋፈት ጥበብ ሥሩ ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ወዲህ በነጭ የጣሊያን የሚባለውን አከፋፈት እጫወታለሁ፤ ጳጳሱ ሲ4 ላይ ተቀምጦ ከንጉሡ በቀር ጠባቂ የሌለውን ኤፍ7 ያያል። በጥቁር ካሮ-ካንን ይዣለሁ፤ ሆራሺዮ ካሮና ማርኩስ ካን በ1886 እ.ኤ.አ. የመረመሩትን። ሲ6 ብዬ ለዲ5 ድጋፍ አዘጋጃለሁ፤ የሲ8 ጳጳሴም መውጫ አያጣም። ሁለቱንም የመረጥኳቸው የእያንዳንዱን ተራ ምክንያት ለሌላ ሰው ማስረዳት ስለምችል ነው።

አንተም ቼዝ እየተማርክ ከሆነ በነጭ አንድ፣ በጥቁር ለኢ4 አንድ፣ ለዲ4 አንድ አከፋፈት ይበቃሃል። ስትመርጥ ታላላቆቹ ምን እንደተጫወቱ አትጠይቅ፤ የመጀመሪያዎቹን አምስት ተራዎች «ለምን?» ለሚልህ ሰው መመለስ መቻልህን ጠይቅ። ከቻልክ ያዘው፤ ካልቻልክ ለጊዜው ተወው።